የካልሲየም ደቦ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

በታኅሣሥ ውርጭ፣ ገና ዶሮ ሳይጮህ፣ አንዲት የቢቸና እናት ተነሡ። ልጃቸው ሞጣ ወልዳለችና ለአራስ ጥየቃ ቅቤና የገንፎ እህል ሸክፈዋል። በዲማ ጊዮርጊስ ስም አማትበው ደጃፉን ሲከፍቱ ብርዱ ጣታቸውን ቆነጠጠው።

በጣታቸው ደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ አንዲት ትንሽ መንደር ነበረች፤ የልሙጥ ጡንቻ ህዋስ። ሥራዋ ግድግዳውን ማጥበቅና ማላላት ነው፤ ባለቤቲቱ እስኪያዟት አትጠብቅም። ገመድ ጎታቾቿ አክቲንና ማዮሲን ግን ካልሲየም ካልመጣ ንቅንቅ አይሉም። ካልሲየሞች ደግሞ በመንደሯ አደባባይ ጥቂት ናቸው። ከቅጥሩ ውጭ ያሉት ከእነዚህ አሥር ሺህ እጥፍ ይበዛሉ፤ ሌሎቹ በጎተራ ተከተዋል።

ነርቭ ጥሩምባውን ነፋ። መልእክተኛው ኖርአድሬናሊን ከነርቩ ጫፍ ወርዶ ቅጥሩን አንኳኳ። «ብርድ ገብቷል! ሙቀት በቆዳ በኩል እንዳይባክን መንገዱን አጥብቡ!» አለ። ወሬው ጎተራው ሲደርስ በሩ ተበረገደ፤ የቅጥሩም በሮች ተከፈቱ፤ ካልሲየም ጎረፈ። ካልሞዱሊን የተባለው ፕሮቲን አራት ካልሲየሞች ተቀብሎ የማዮሲንን ቀስቃሽ ኤንዛይም አነሣ። ገመዱ ተሳበ፤ ደም ቅዳው ጠበበ፤ ሙቀቱም ለልብና ለጉበት ተረፈ። ደቦው ሠመረ።

እናቲቱ አውቶቡስ ውስጥ ገብተው በሰው ትንፋሽ መሃል ተቀመጡ። ነርቭም ጥሩምባውን አሳረፈ። ካልሲየሞቹ ግን አልተበተኑም።

አንዱ ጎረምሳ ተነሥቶ፣ «መንደሯን ያዳንን እኛ ነን። ያዳነ ሰው ደግሞ ወደ መጣበት አይሸኝም። እዚሁ እንቆይ፤ በሩም ክፍት ይሁን» አለ። ሌሎቹ «እሰይ!» አሉ።

የጎተራው ፓምፕ ለመናቸው። «ልጆቼ፣ ሁለታችሁን ወደ ጎተራ ለመመለስ ከኃይል ስንቄ አንድ ኤቲፒ እከፍላለሁ። በሩ ክፍት እያለ ብከፍል፣ ብከፍል አልዘልቀውም።» ሰሚ አላገኘም። ደም ቅዳው እንደጠበበ ቀረ። የእናቲቱ ጣቶች ነጡ፤ ደነዘዙ፤ የቅቤውን ቅል መያዝ አቃታቸው።

በጎተራው ውስጥ የቀሩ ጥቂት ካልሲየሞች ይህን አዩ። አደባባይ ወጥተው ቢጮኹ እነሱም ካልሲየም ናቸውና ገመዱን ይብሱን ያከርሩታል። ስለዚህ ጎተራው ከቅጥሩ ጋር በሚዋሰንበት ጠባብ ጥግ፣ ባንድነት ብልጭ ብለው ወጡና የፖታሲየምን በረኛ አገኙት።

«ጌታው፣ መንደሯ ተወጥራለች። በርዎን ይክፈቱ» አሉት።

በረኛው ሰማቸው። ፖታሲየም ወደ ውጭ ወጣ፤ የቅጥሩ ውስጥ ይበልጥ ኔጋቲቭ ሆነ፤ በቮልቴጅ የሚታዘዙት የካልሲየም በሮችም ተራ በተራ ተዘጉ። አሁን የፓምፑ ድካም ፍሬ ያዘ። እሱ ገሚሱን ወደ ጎተራ ሲመልስ፣ የቅጥሩ ፓምፖች ሌላውን ወደ ውጭ ሸኙ። ገመዱ ላላ፤ ደም ወደ ጣቶቹ ወረደ።

አውቶቡሱ ሞጣ ሲገባ የእናቲቱ እጅ ሞቆ ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብለው ልጃቸውን ሳሙ፤ ሕፃኑንም ተቀብለው ታቀፉ።

ብልጭታውን ለተረት ማሳመሪያ የፈጠርነው አይደለም። በእንስሳት የአንጎል ደም ቅዳ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳሳዩት፣ መላውን ህዋስ ሲያጥለቀልቅ የሚያጠብቀው ካልሲየም፣ በቅጥሩ ጥግ ብልጭ ሲል ያላላል። ካልሲየሙ ያው ነው፤ ልዩነቱ የት እንደቆመና ማን እንደሰማው ነው።

አገርም እንዲሁ ናት። በጭንቅ ቀን ጥሩምባ የሚነፋ ያስፈልጋታል፤ ሲጠሩት የሚደርስ ጉልበትም ያስፈልጋታል። ጭንቁ ሲያልፍ ግን የተጠራው ወደ እርሻው ይመለስ፤ ሰውን ወደ ቤቱ የሚመልሰውም ስንቁ አይጓደልበት። ደቦ መጥራት ያወቀ፣ ደቦ መበተንም ይወቅ። ሕዝብን ቀን ከሌት አክርሮ መያዝ ጥንካሬ መስሎ የሚታየው ሹም፣ ጣት ሲደነዝዝ አያይም ማለት ነው። ከቅጥሩ አጠገብ ቀስ ብለው የሚናገሩ ጥቂቶች አይናቁ፤ እነሱን የሚሰማ በረኛ ያላት መንደር፣ ገመዷ ሲከርርም ሲላላም አይበጠስም።