ሁለት ሸክላዎች

የአባቴን ሸክላዎች ያገኘኋቸው አልጋ ሥር፣ የሙዝ ካርቶን ውስጥ ነው። አባቴ ካረፈ ሰባት ዓመቱ ነው። እናቴ በየፋሲካው ካርቶኑን እያወጣች አቧራውን ታራግፋለች እንጂ ለመክፈትም ለመጣልም አልጨከነችም። እኔ ደግሞ ሳይበላሹ ድምፃቸውን ወደ ኮምፒውተር ላስገባ ብዬ ማጫወቻ ተዋስኩ።

መጀመሪያ ያነሳሁት አባቴ ከአንድ ጣሊያናዊ ጎረቤቱ የገዛውን የኤንሪኮ ካሩሶን ሸክላ ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከር፣ ከበድ ያለ ሸክላ። መሀሉ ላይ ጭረት ስላለበት፣ አባቴ መርፌው እዚያ ሲደርስ በጣቱ ጫፍ ገፋ ያደርገው ነበር። ጥጥ በአልኮል ነክሬ ጠረግሁት። ጥጡ ጠቆረ። ቆሻሻው ለቀቀ ብዬ ደስ ብሎኝ ደገምኩት። ለካ የሚለቀው ራሱ ሸክላው ነው! የጥንቶቹ ባለ 78 ሸክላዎች የሚሠሩት ከነፍሳት በሚገኝ ሼላክ በሚባል ሙጫ ነው፤ ሼላክ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። መርፌውን ሳሳርፍበት ከሹክሹክታ በቀር ምንም አልወጣም።

ሁለተኛው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሸክላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር የታተመ። እሱን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ጠርጌ ቀዳሁት፤ ጥርት ብሎ ወጣ። ለዓለም ይድረስ ብዬ ኢንተርኔት ላይ ጫንኩት። በሦስተኛው ቀን ባለመብት ጠይቆበት ወረደ። ደሜ ፈላ። በአባቴ ገንዘብ የተገዛ፣ በእኔ ድካም የተቀዳ፤ ከልካዩ ማን ነው?

ንዴቱ ሲበርድልኝ የአገራችንን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አነበብኩ። ለግል መገልገያ አንድ ቅጂ ማስቀረት ይፈቀዳል፤ ለሕዝብ ማሰራጨት ግን ሌላ ነው። የድምፅ ቅጂ አሳታሚ መብት 50 ዓመት ይቆያል፤ የዜማው ደራሲ መብት ግን ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት። እማሆይ ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ስለዚህ ዜማቸው እስከ 2073 ባለቤት አለው። አባቴ የገዛው ሸክላውን እንጂ ዜማውን አልነበረም። ከሁሉ በላይ አንገቴን ያስደፋኝ ግን፣ እማሆይ ሸክላውን ያሳተሙት በገቢው ወላጅ አልባ ሕፃናትን ለመርዳት መሆኑ ነው። እኔ በነፃ ስበትነው የማንን እንጀራ ነበር የምበትነው?

የካሩሶ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እሱ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ከ1923 በፊት የታተሙ የድምፅ ቅጂዎች ከ2022 መግቢያ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ እንኳ ለማንም ነፃ ናቸው። ማንም ሳይከለክለኝ ላሰራጨው የምችለውን በገዛ እጄ አጠፋሁት፤ አሳምሬ የቀዳሁትን ደግሞ ማሰራጨት አልችልም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኢንተርኔት ላይ ካስቀመጣቸው የድምፅ ቅጂዎች መካከል የካሩሶ ድምፅ በነፃ ይሰማል። ከፍቼ አዳመጥኩት። ድምፁ አለ፤ አባቴ በጣቱ የሚያሻግረው ጭረት ግን የለበትም።

ስለዚህ በቤታችሁ ሸክላ ያላችሁ፣ ለራሳችሁ ዛሬ ቅዱት፤ ከመጥረጋችሁ በፊት የሚያውቅ ጠይቁ፤ ከማሰራጨታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ።

እሁድ ዕለት ቡና ሲፈላ የእማሆይን ቅጂ ለእናቴ ከፈትኩላት። ስኒዋን ይዛ ዝም አለች። ሲያልቅ፣ «አባትህ ይሄን ሲሰማ ቡናው ይቀዘቅዝበት ነበር» አለችኝ። የእሷም ቀዝቅዞ ነበር።