የክለብ ውርስ በመቱ፦ አጭር ጥናት

ይህ ጥናት የተነሣበት ጥያቄ አንድ ነው። መቱ ተወልዶ ያደገ፣ እንግሊዝን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ለንደን ያለ ቡድን ሲሸነፍ እራት የማይበላው ለምንድን ነው? ጥናቱ የተካሄደው በአንድ ዲኤስቲቪ ቤት የኋላ አግዳሚ ላይ ነው። የተጠኚዎቹ ፈቃድ አልተጠየቀም፤ ቢጠየቁም በጨዋታ ሰዓት አይመልሱም።

ቀደምት ሊቃውንት፣ በተለይም የባጃጅ ሾፌሮች፣ ክለብ በምርጫ ይያዛል ይላሉ። ማስረጃው ግን አይደግፋቸውም። በምርጫ ቢሆን ኖሮ መቱ ያለችበት ኢሉባቦር የቡና አገር ነውና፣ በ2003 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው ኢትዮጵያ ቡና ይበቃን ነበር። ቡናው እዚህ፣ ክለቡ አዲስ አበባ፣ ልቡ ሰሜን ለንደን፤ ይህን የሚያስረዳ የኢኮኖሚ ንድፈ ሐሳብ እስካሁን አልተገኘም።

የአያት ትውልድ ጤነኛ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የሴካፋን ዋንጫ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ ስትወስድ፣ የራዲዮውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ደምሴ ዳምጤን ሰማ፣ አለቀሰ፣ ተነሥቶ ወደ ሥራው ሄደ። በሽታው የገባው በአባት ነው። አርሰናል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003/04 ከ38 ጨዋታ 26 አሸንፎ፣ 12 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫ ሲወስድ አባት ጎረምሳ ነበር። ክለቡ ሁልጊዜ እንዲህ የሚኖር መሰለው። ከዚያ በኋላ ሌላ የሊግ ዋንጫ ሳያይ ከ20 ዓመት በላይ ቆየ፤ በመሃል አገባ፣ ወለደ።

የመተላለፊያው መንገድ የታወቀው በክረምት ነው። የመቱ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር የኮሜንታተሩ ድምፅ ይጠፋል። የፊት አግዳሚው በትልልቅ ሰው ስለሚያዝ ለልጅ ስክሪኑ አይታየውም። ስለዚህ አባቱ ጭን ላይ የተቀመጠው ልጅ ጨዋታውን የሚከታተለው ቀና ብሎ የአባቱን ፊት በማየት ነው።

«አባዬ፣ ገባ?»

«ዝም በል፣ ኦፍሳይድ ነው።»

በዚህች ቅጽበት ልጁ ተመዝግቧል። ለብሶት የመጣው ቀይ ማሊያ ከሰልባጅ የተገዛ፣ ከታላቅ ወንድሙ የወረደ፣ ጉልበቱን አልፎ የሚሄድ ነው። በጀርባው 14 ቁጥርና የቀድሞው የአርሰናል አጥቂ የሄንሪ ስም ደብዝዘው ይታያሉ። ሄንሪ ማነው ተብሎ ሲጠየቅ «የአባዬ ጓደኛ» ብሏል፤ ጥናቱ ይህን መልስ ውድቅ የሚያደርግበት ምክንያት አላገኘም።

እናቶች በመጀመሪያ ገለልተኛ ተብለው ተመድበው ነበር። አንዲት እናት ግን ቡና እያፈሉ «ዛሬም ተሸነፉ እንዴ?» ሲሉ በድምፃቸው ውስጥ የማንቼ ደስታ ስለተሰማ ምደባው ተሰርዟል። (ማንቼዎችም፣ ማለትም የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2013 ወዲህ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሳያዩ ከ10 ዓመት በላይ ስለቆዩ፣ ይህ ደስታ ከምን እንደሚመነጭ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።)

ሕጉን ስናይ ጉዳዩ ይከብዳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወራሽ ዕዳ የበዛበትን ውርስ አልቀበልም እንዲል ይፈቅድለታል። ክለብ ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ የለውም። ቤት የቀየረ፣ ሥራ የቀየረ፣ ከጎሬ ወደ በደሌ የተዛወረ ሰው በጥናቱ ተገኝቷል፤ ክለብ ቀይሮ በዚያው አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ግን አልተገኘም። አንድ ጎረምሳ ወደ ማንቸስተር ሲቲ ዞሯል ተብሎ ነበር፤ ሲጣራ የመጣው ከሌላ ሰፈር ነው።

እንግዲህ ልጅዎ ገና ክለብ ካልያዘ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሌላ ቦታ ይውሰዱት፤ ሶር ፏፏቴ ጥሩ ነው። ዲኤስቲቪ ቤት አንዴ ወስደውት ከሆነ ግን ጥናቱ የሚረዳዎት ነገር የለም፤ አጠር ያለ ማሊያ ይግዙለት።