ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚዘጋው ክሊኒክ

ሲያትል ውስጥ ቀጠሮ የማያስይዝ፣ ኢንሹራንስ የማይጠይቅ፣ ደንበኛውን በስሙ ሳይሆን በሚያዘወትረው ቢራ የሚያውቅ የአእምሮ ሕክምና ተቋም አለ። ከቼሪ ጎዳና እስከ ሬይነር ቫሊ ቅርንጫፍ ሞልቶታል። የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ከዚያ በኋላ መጠጥ እንዳይሸጥ ስለሚያዝ ብቻ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ምርመራው ፈጣን ነው። በፈረንጆች ዲሴምበር ፀሐይ አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ቀኑን ኮድ ሲጽፍ ወይም ዕቃ ሲያመላልስ የዋለው ወጣት ይመጣና «ደብሮኛል» ይላል። የሕክምና ትምህርቱን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያጠናቀቀው ጓደኛው «ፈታ በል!» ብሎ ያዝለታል። መጠኑን የሚወስነው የበሽተኛው ኪሎ ሳይሆን በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ብዛት ነው። አምስት ሰው ካለ አምስት ዙር ይወርዳል፤ ተራውን ሳይጋብዝ የሚነሳ ሰው ነውረኛ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የአልኮል ጥናት ተቋም በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ለወንድ አምስት፣ ለሴት አራት መለኪያን ከልክ ያለፈ ይለዋል። መቼም ተቋሙ «ይሄ በኔ ነው» የሚል ሐበሻ ገጥሞት አያውቅም።

ደግሞ ሳይንስ የለውም እንዳይባል! የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ሊቅ አለን ማርላት ግቢው ውስጥ ባንኮኒ ያለው የምርምር ባር ነበራቸው። ቮድካ ነው ተብሎ ባዶ ቶኒክ የተቀዳላቸው ተማሪዎች ሞቅ አላቸው፤ ሳቁ፣ ተጫወቱ። ጨዋታውን ያመጣው ጠርሙሱ ሳይሆን እምነቱና አብሮ መቀመጡ ነበር ማለት ነው። ይህ ግኝት በየባሩ ግድግዳ ላይ ያልተለጠፈው በቦታ ጥበት ይሆናል። እዚያው ዩኒቨርሲቲ የተደረጉ ጥናቶች ሌላም ነገር አሳይተዋል፤ ተማሪዎች እኩዮቻቸው የሚጠጡትን ከእውነተኛው መጠን አስበልጠው ይገምታሉ። እያንዳንዱ ታካሚ እንግዲህ በእውን የሌለ አንድ ጠጪ ላይ ለመድረስ ይሮጣል።

ውጤቱስ? አልኮል አንጎልን ያቀዘቅዛል፤ አንጎል ደግሞ ሚዛኑን ለመጠበቅ ይፈጥናል። ሌሊት መጠጡ ከደም ሲወጣ የፈጠነው አንጎል ብቻውን ይቀራል፤ ልብ ይደልቃል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ያልታወቀ ስጋት ይመጣል። ዓርብ በጭንቀት የገባው ሰው ቅዳሜ በባሰ ጭንቀት ይነቃል። ሌላ ሐኪም ቤት ቢሆን ይከሰስ ነበር። እዚህ ግን ለቅዳሜ ማታ ሪፈር ይጻፍለታል።

መድኃኒት ቤቱም ሰፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የችርቻሮ ኩባንያው ኮስትኮ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ ጠንካራ መጠጥ በግል መደብሮች እንዲሸጥ በሕዝበ ውሳኔ አስፈቀደ፤ ከ2012 ሰኔ ጀምሮ ውስኪ ከሩዝና ከዳይፐር ጋር በአንድ ጋሪ ይገፋል።

በእርግጥ ተፎካካሪ አለ። ሃርበርቪው ሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል፤ 988 የሚባለው የጭንቅ ጊዜ የስልክ መስመርም ከ2022 ጀምሮ ሌት ተቀን ያነሳል። ችግሩ ስም ነው። ሳይካትሪስት ዘንድ የታየ ልጅ «አበደ» ይባልና ወሬው በማግስቱ አዲስ አበባ እናቱ ጋ ይደርሳል፤ ባንኮኒ ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ ያመሸ ግን «ትንሽ ሞቅ ብሎት ነው» ተብሎ በክብር ይሸኛል።

«ቴራፒማ ውድ ነው» የሚሉም አሉ። መጠጡስ? ዋሽንግተን በጠንካራ መጠጥ ላይ የምትጥለው ግብር በአሜሪካ ከከባዶቹ አንዱ ነው፤ በጠርሙሱ ዋጋ ላይ 20.5 በመቶ፣ በዚያ ላይ በሊትር 3.77 ዶላር። ይህን ያህል ከፍሎ ደረሰኙን ያነበበ ታካሚ እስካሁን አልተገኘም።