ኮምፒውተርም እንደ በቅሎ

ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚሆን የቤት ኮምፒውተር ብዙ አይጠይቅም፤ ብዙ የሚጠይቀው ሻጩ ነው። የደባርቅ መምህር ፈተና ይጽፍበታል፣ አስጎብኚው ከእንግዶቹ ጋር ይጻጻፍበታል፣ የዳባት ተማሪ ያጠናበታል (ወላጅ ሲያይ ማለት ነው)።

ሻጭ ቀድሞ የሚያነሳው ፕሮሰሰሩን ነው። «ኮር አይ 7 እኮ ነው!» ይላል። ለሰሜን ተራራ መንገደኛ በቅሎ የሚያከራይ የደባርቅ ሰው ግን በቅሎ ጥርሷ እንጂ ኮርቻዋ ታይቶ እንደማትገዛ ያውቃል። የፕሮሰሰር ጥርሱ ጀነሬሽኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አራተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 7 እና በ2017 የወጣው ስምንተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 3 ዴስክቶፕ ላይ ሁለቱም ባለ አራት ኮር ናቸው፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ግን ኋለኛውን ብቻ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በመብራት የሚያብረቀርቅ ኬዝና ማራገቢያ ኮርቻ ነው፤ ይታለፍ።

ራም 8 ጊጋባይት ይበቃል። ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፊልምም ፎቶም ያሳያል። «ለትምህርት ነው» ብሎ ካርድ የሚያስገዛ ልጅ የሚማረው ትምህርት ኳስ ጨዋታ ነው።

ማከማቻው ላይ ግን ደጋው ራሱ አስተያየት አለው። የሀርድ ዲስክ ማንበቢያ ከሚሽከረከረው ሰሌዳ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ አየር ሲሳሳ ወደ ሰሌዳው ይቀርባል። ስለዚህ ብዙ አምራቾች 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ወሰን ያበጃሉ። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ለጥቂት ታልፋለች። ተራራው ላይ ያሉት ሳንቃበርና ጨነቅ ግን ከወሰኑ በላይ ናቸው፤ እዚያ ጭላዳ እንጂ ሀርድ ዲስክ ዋስትና የለውም። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ከፍታው አያሳስበውም፤ ከዚያም በላይ አሮጌን ማሽን ፈጣን የሚያደርግ ከእሱ የተሻለ ግዢ የለም። 256 ጊጋባይት ለብዙ ቤት በቂ ነው።

የቀረው መብራት ነው። ተራ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ ብዙ ጊዜ ከ100 ዋት በታች ይበላል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ነው። ጎረቤት እንጀራ ሲጀምር አምፖሉ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ከመደብዘዝ ይልቅ መጥፋትን ይመርጣል፣ ገና ያልተቀመጠውን ፈተና ይዞ። ፓወር ሰፕላዩ ስም ያለው ይሁን፤ ከፊቱም ዩፒኤስ ይቁም። ዩፒኤሱ የሚሰጠው ደቂቃዎችን ነው፣ ሥራውን አስቀምጦ ለማጥፋት። ፊልሙን ለመጨረስ አይደለም፤ ይህን ለቤተሰብ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

ገንዘብ ካነሰ ከፕሮሰሰሩ ይቀነስ፣ ከዩፒኤሱ አይነካ። ኮምፒውተሩንና ዩፒኤሱን አብሮ መግዛት ለማይችል ያገለገለ ላፕቶፕ ይሻለዋል፤ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ግን ሱቁ ውስጥ ሶኬቱን ነቅሎ ይፈትን።