ኦቦ ሰብሳቢ፣ ፌራዮው የት ተቀመጠ?

መሬት ሲንቀጠቀጥ እኛ አገር ፈጥኖ የሚቆመው ኮሚቴ ነው። ቤት ይወድቅ ይሆናል፤ ኮሚቴ ወድቆ አያውቅም። ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ አባል፣ አባሉ ስብሰባ ስላለበት የመጣ ተወካይ፣ ተወካዩን ያመጣ ሹፌር። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ሌሊት ፈንታሌ አካባቢ መጠኑ 5.7 ገደማ የሆነ ንዝረት መጣ፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የተኛው ሁሉ ነቃ። የካቲት 7 ደግሞ 6.0 ተጨመረ። ኮሚቴውም ነቃ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

«ይሄ የቆላው ጉዳይ ነው፤ አሰላ ደጋ ናት» የሚል ኃላፊ አይጠፋም።

ኦቦ፣ ደጋውን ማን የሠራው መሰለዎት? ጭላሎ እኮ እሳተ ገሞራ ነው። ዝም ያለው ጡረታ ስለወጣ ነው። ከአሰላ ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚያወርድዎት ያ ሁሉ ቁልቁለት የስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ነው፤ ግድግዳውም በስንጥቅ ላይ ስንጥቅ ነው። ሸለቆው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። ትንሽ ነው እንዳይሉ፣ እኔ ከማውቃቸው ፋይሎች ይፈጥናል። ከኢተያ ወዲያ ቱሉ ሞዬ ላይ ለመብራት እንፋሎት ተቆፍሯል። ሙቀቱ ለመብራት ሲሆን «የአርሲ ሀብት»፣ ለመንቀጥቀጥ ሲሆን «የጎረቤት ችግር»?

«ታሪክ የለውም» ካሉኝም ታሪክ አለው። ነሐሴ 19 ቀን 1898፣ በምኒልክ ዘመን፣ በላንጋኖ በኩል እንደተነሣ የሚገመት ከ6.5 የማያንስ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ያን ጊዜ አሰላ ፎቅ አልነበራትም። አሁን አላት፤ ችግሩ እሱ ነው።

እሺ፣ «ኮሚሽን ይየዋል» ትሉ ይሆናል። የለንም ማለት አይቻልም፤ ያለን ኮሚሽን ስሙ ከእኛ ዕድሜ ይልቅ ብዙ ነው። በ1966 ከወሎ ረሃብ ማግሥት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተባለ። ቀጥሎ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን፤ ከዚያ ኤጀንሲ፤ ከዚያ ግብርና ሚኒስቴር ውስጥ ገባ፤ ወጣና ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ሆነ፤ አሁን የኢትዮጵያ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። ታፔላ ሠሪው ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ አስመርቋል። ኦሮሚያም የራሱን ኮሚሽን ከጥቂት ዓመታት በፊት «ቡሳ ጎኖፋ» አለው። ስሙ ደግ ስም ነው፤ ከብቱ ያለቀበትን ወገን ከየበረቱ አዋጥቶ የሚያቋቁም የኦሮሞ ወግ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ሁሉም የተወለዱት ከረሃብና ከድርቅ ነው። ዐይናቸው ሰማይ ላይ ነው፤ ዝናብ ቀረ፣ ዝናብ በዛ። የእኛ ጣጣ የሚመጣው ከሥር ነው።

«ስለዚህ የኮሚቴያችንን አባላት ስብጥር ቀይረናል።»

ደስ ይላል! ማን ወጣ? «የመሬት አስተዳደሩ ኃላፊ።» ለምን? «ወደ ስፖርት ተዛወሩ።» ማን ገባ? «የስፖርቱ ኃላፊ፤ ወደ መሬት ተዛወሩ።» ይሄ ስብጥር ሳይሆን ወንበር መቀያየር ነው። የወጡት ሰውዬ ሦስት ቀን ስለ መንቀጥቀጥ ሠልጥነው፣ ቦርሳና እስክሪብቶ ተቀብለው፣ በአራተኛው ቀን ሥልጠናውን ይዘው ወደ ስታዲየም ሄዱ። መንቀጥቀጡ ኳስ ሜዳ ላይ ከሆነ እንግዲህ ዳነን።

አሜሪካኖቹ ካሊፎርኒያ ላይ ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሳን ፈርናንዶ ላይ መሬት ተንቀጥቅጦ ሆስፒታል ሳይቀር ሕመምተኛ ላይ ተደረመሰ። በ1975 የመሬት መንቀጥቀጥ ደኅንነት ኮሚሽን አቋቋሙ። ሕጉ የቆጠረው ሹመትን ብቻ አይደለም፤ ሙያ ነው። አንዱ ወንበር የመዋቅር መሐንዲስ፣ አንዱ የአፈር መሐንዲስ፣ አንዱ የጂኦሎጂ ሰው፣ አንዱ የእሳት አደጋ፣ አንዱ የኢንሹራንስ። የከተማ አስተዳደርም አለ። አባልነት እንቀይር ሲሉ ክርክሩ «የትኛው ሙያ ጎድሏል?» ነው። እኛ ጋ ክርክሩ «አበሉ ስንት ነው?» ነው።

«እኛም ባለሙያ እንጋብዛለን።»

ትጋብዛላችሁ፤ ሲነቃነቅ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አታላይ አየለ ስልካቸው የሚጨናነቀው መሬት በተወዛወዘ ሳምንት ነው። መሬቱ ሲያርፍ ስልኩም ያርፋል። ኦቦ ሰብሳቢ፣ እንግዳ ሻይ ይጠጣል፤ ድምፅ የሚሰጠው አባል ነው።

እና ኮሚቴው ውስጥ ማን ይግባ? የመዋቅር መሐንዲስ ይግባ፤ የስምጥ ሸለቆውን ስንጥቅ ካርታ ላይ በጣቱ የሚያሳይ የጂኦሎጂ ሰው ይግባ። ከሁሉ በፊት ግን ፌሮ የሚያስረው ፌራዮ ይግባ። አትሳቁ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ የመንቀጥቀጥ ሕንፃ ደንብ ነበረን፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ ተተክቷል፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ወጥቷል። ወረቀቱ አላነሰም። ወረቀቱ አርማታ ውስጥ የሚገባው ግን በፌራዮው እጅ ነው። ኮለኑ ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት ስታፋው፣ ማለትም ዋናዎቹን ፌሮዎች የሚያቅፈው ቀለበት፣ ጥቅጥቅ ብሎ መታሰር፣ ጫፉም ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት፤ አለዚያ ኮለኑ ሲወዛወዝ ሆዱ ይፈነዳል። ፌሮ ተወደደ ተብሎ በ10 ሳንቲም መታሰር የነበረበት በ25 ሲታሰር ማን አየ? ባለቤቱ ስለ ቀለሙ ሲነታረክ ነበር።

ደግሞ አዲሶቹን ፎቆች እዩዋቸው። ከላይ በብሎኬት ተሞልተዋል፤ ከታች ሱቅ ስለሆነ ግድግዳ የለም፣ መስታወት ነው። ሕንፃው ሲነቃነቅ ጉልበቱ የሚከዳው እዚያ ነው። «የጭቃ ቤት ኋላ ቀር ነው» ብለው ለሚንቁ ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ቆርቆሮ የለበሰ፣ ማገሩ ያልበሰበሰ ጭቃ ቤት ይሰነጠቃል እንጂ ከነሰዉ ቶሎ አይከመርም። ክፉው ድንጋይ በጭቃ ብቻ የተገነባው ነው። በግንቦት 1953 የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ሲያፈርስ ኮሚቴ አላማከረም።

«በበጀት ዓመቱ መጨረሻ እናየዋለን።»

እስከዚያ ስምጥ ሸለቆው ሁለት ሚሊ ሜትር ይቀድማችኋል።

እናንተ አሰላ ላይ፣ ኢተያ ላይ፣ በቆጂ ላይ ፎቅ የምታስገነቡ ወገኖች ግን ኮሚሽኑን አትጠብቁ። ነገ ኮለን ከመሞላቱ በፊት ሜትር ይዛችሁ ውጡና ስታፋው ስንት በስንት እንደታሰረ ራሳችሁ ለኩ።