ልጅ ጮኸብዎ? ታብሌት ይግዙለት

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴን፣ የአራት ዓመት ልጄንና የልጄን ታብሌት ይዤ ሐይቅ ዳር ወዳለው ጉዱማሌ ሄድኩ። ታብሌቱን ለብቻው የቆጠርኩት በስሕተት አይደለም። እኛ ቤት አራት ነን፤ ከአራታችን አንዱ ቻርጅ ይደረጋል።

ከዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ አነጠፍን። ከአሞራ ገደል የመጣ የተጠበሰ ዓሣ፣ በፔርሙዝ ቡና፣ ለልጁ ሁለት ሙዝ ዘረጋን። ልጄ ፀሐዩ ስክሪኑን እንዳያንጸባርቅበት ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ተቀመጠ። ካርቱኑ ላይ ጦጣ ሙዝ ትሰርቃለች፤ እሱ ይንከተከታል። በዚህ መሃል ከዛፉ ላይ እውነተኛዋ ጦጣ ወረደች። ግራ ቀኝ ቃኘች፤ ከእግሩ ሥር አንዱን ሙዝ አንሥታ ተረጋግታ ልጣ በላችና ሁለተኛውን ይዛ ወጣች። ልጄ ቀና አላለም። ጥላዋ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ብቻ “አትጋርጂኝ” አላት። እናቱ መስላው ይሆናል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ታብሌት የሌለው ልጅ ቢሆን ኖሮ ይጮህ ነበር፤ ጦጣዋን ሲያባርር ወድቆ ጉልበቱን ይልጥ ነበር። ይባስ ብሎ እኔ ከስልኬ ቀና እል ነበር። አንድ የታብሌት ስክሪን ሁለት ሙዝ ከፍሎ የሦስት ሰው ሰላም ጠበቀ። ከዚህ የረከሰ ዋጋ ያየ ካለ ይንገረኝ።

አንዳንድ ሰዎች ግን ይህን ሰላም አይወዱም። “ለዚህ ለጨቅላ የራሱን ታብሌት?” እያሉ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። መልሳችን አጭር ነው፤ ለትምህርት ነው። ፍሬውንም እያየን ነው። እናቴ ከይርጋለም ስትመጣ ልጁን በሲዳሙ አፎ ታናግረዋለች። እናቱ በአማርኛ ትደግምለታለች። እሱ ደግሞ ለሁለቱም ካርቱኑ በሚናገርበት እንግሊዝኛ ይመልሳል። ሦስት ቋንቋ ገብቶ አንድም ጨዋታ ያልወጣበት ቤት ከእኛ በቀር የት ይገኛል? ባለፈው ጊዜ ልትሄድ ስማ ስትሰናበተው “ዶንት ፎርጌት ቱ ሳብስክራይብ” አላት። እናቴ ምርቃት መስሏት “አሜን” አለች።

ለሚጠራጠሩን አንድ የምንጠቅሰው ታሪክም አለን። እ.ኤ.አ. በ2012 “ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ” የተባለው ድርጅት፣ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚባሉት ፕሮፌሰር የመሠረቱት፣ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ለሚገኙ ሁለት መንደሮች ታብሌት ከነካርቶኑ አደለ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ፣ የተጻፈ ነገር በቅጡ ያላዩ ነበሩ። አስተማሪ አልተመደበላቸውም። ፕሮፌሰሩ ለዓለም እንዳወሩት፣ ካርቶኑን ከፍተው ማብሪያውን ለማግኘት ደቂቃዎች በቁ፤ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝፈን ጀመሩ፤ አምስት ወር ሲሞላ ደግሞ ተቆልፎ የነበረውን ካሜራ ሰብረው ከፈቱት።

ይህን ታሪክ ቡና በተፈላ ቁጥር እናወራዋለን። ስናወራ ግን ጥቂት ነገር እንዘላለን፤ ወሬ ሲረዝም ቡናው ይቀዘቅዛላ። ታብሌቶቹ በፀሐይ ኃይል ይሞሉ እንደነበር እንዘላለን። ኢንተርኔት እንዳልነበራቸው፣ ውስጣቸው የተመረጠ የትምህርት ፕሮግራም ብቻ እንደነበር፣ አጥኚዎቹም በየጊዜው ሰው ልከው ልጆቹ ምን እንደሠሩበት ይከታተሉ እንደነበር እንዘላለን። ከሁሉ በላይ የምንዘለው፣ አንዱ ያገኘውን ለሌላው እያሳየ፣ ተሰብስበው መማራቸውን ነው። የእኔ ልጅ ግን ማንም አላሳየውም፤ እሱም ለማንም አያሳይም። ካሜራ መክፈትማ ምን አላት! እሱ በሁለት ዓመት ውስጥ የከፈተው የእኔን የወር ጥቅል ነው፤ በሦስተኛው ቀን ተሟጥጦ አገኘዋለሁ።

ከንፈር መጣጮቹ ያነሧትን “የራሱ” የምትለዋን ቃል ግን አስምሩባት። ነገሩ ሁሉ ያለው እሷ ላይ ነው። እኛ ያደግንበትን ኋላ ቀር ዘመን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ቴሌቪዥን ያለው ቤት በሰፈሩ አንድ ነበር። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሰው ሳሎን ይሰበሰብ ነበር። አንዱ የሌላውን ጀርባ ተደግፎ፣ “ዝቅ በል እንጂ፣ ጋረድከኝ” እየተባባለ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ስክሪኑ ይዘጋል፤ ተረቱ ግን አይዘጋም ነበር። ጅቡን ማን ይሁን፣ አህያውን ማን ይሁን ተብሎ ውጭ ጭቅጭቅ ይነሣል። ስንት አቧራ፣ ስንት የተቀደደ ሱሪ፣ ስንት የእናት ጩኸት! የግል ታብሌት ይህን ሁሉ ገላገለን። ዛሬ ልጃችን ጅብም አህያም መሆን አያሻውም፤ ተመልካች መሆን በቅቶታል። ጀርባው የሚደገፈው በሰው ሳይሆን በትራስ ነው።

ከውጭ አገር ደግሞ ምቀኛ አልጠፋም። የመጀመሪያው ራሱ ስቲቭ ጆብስ ነው። አይፓድን እ.ኤ.አ. በ2010 ለዓለም ሸጠ፤ በዚያው ዓመት አንድ ጋዜጠኛ ልጆቹ እንዴት እንደወደዱት ቢጠይቀው፣ ጭራሽ እንዳልተጠቀሙበት፣ እቤት ልጆቹ የሚነኩትን ቴክኖሎጂ እንደሚገድቡ ነገረው። ጠላ ሻጭ ለልጇ ውኃ ስትቀዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለእኛ አንደኛውን ቀድቶ ለልጆቹ ውኃ! ቀጥሎ የዓለም ጤና ድርጅት መጣ። ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ፊት ጭራሽ እንዳይቀመጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለውም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ፣ ባነሰ ቁጥርም እንደሚሻል ጻፈ። የድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር የአገራችን ሰው ናቸው፤ ለአገር ልጅ እንኳ አልራሩልንም። ስዊድንም አለች፤ ታብሌቱን እስከ መዋዕለ ሕፃናት አውርዳ ስታበቃ እ.ኤ.አ. በ2023 “ወደ ወረቀት መጽሐፍ ልመለስ” ብላ በጀት መደበች። ሀብታም አገር ሲያረጅ እንዲህ ነው፤ እኛ ገና በደረስንበት ፌርማታ እሱ ይወርዳል።

በእርግጥ ከእኛ ጋር የማይቆጠሩ ሰዎች አሉ። ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የምትሠራ እናት ደክሟት ገብታ፣ ወጡ እስኪወጣ ስልኳን ለልጇ ትሰጣለች። ወጡ ወጣ፤ ስልኩን ትቀበላለች። በሩ ላይ ባጃጅ የሚርመሰመስበት፣ ግቢ የሌለው ተከራይም አለ፤ ልጁን የት ይልቀቀው? እነዚህ ቸግሯቸው የሚያደርጉት ናቸው፤ ጀማሪዎች በሏቸው። እኔ ግን ቅዳሜና እሑድ ሥራ የለኝም፤ ግቢ አለኝ፤ ሐይቅ አለኝ፤ ጉዱማሌ አለኝ፤ ለአንድ ማኪያቶ ሁለት ሰዓት የሚተርፍ ጊዜ አለኝ። ልጄን ለታብሌት የሰጠሁት ሳይቸግረኝ ነው። ይህ ሙያ ይጠይቃል።

ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ጉዱማሌ ማለት የሲዳማ ሽማግሌዎች የሚሰየሙበት፣ የዘመን መለወጫው በዓል ፍቼ ጫምባላላ የሚከበርበት፣ የቄጣላው ጭፈራ የሚደምቅበት አደባባይ ነው። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር፣ ወላጅ ለልጁ በቃልና በዓሉ ላይ አብሮ በመዋል የሚያስተላልፈው መሆኑ አብሮ ተጻፈ። “የማይዳሰስ” የምትለዋ ነች ያሰጋችኝ፤ ልጄ በጣቱ የማይዳስሰውን ነገር አያምንም። ደግሞ ሥርዓቱን ተመልከቱ። አያንቶዎቹ የበዓሉን ቀን የሚለዩት ሌሊት ወደ ሰማይ ቀና ብለው፣ ከዋክብትን አይተው ነው። ቀና ብለው! እንዲህ ዓይነት አንገት ከየት ይመጣል? የእኛ ልጆች አንገት የሚታጠፈው ወደ ታች ብቻ ነው። የሚቀጥሉት አያንቶዎች አዲሱን ዓመት የሚያዩት ማሳወቂያ ሲመጣላቸው ይሆናል።

የፍቼ አፈ ታሪክም ቢሆን መታረም ሳይኖርበት አይቀርም። ያገባች ሴት በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿን ልትጠይቅ ስትመጣ፣ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሰናዳ ቡርሳሜ ይዛ ትመጣለች፤ ጎረቤት ተጠርቶ ይካፈለዋል። በዓሉ የቆመው በዚህች ሴት መታሰቢያ ላይ ነው። በበዓሉም ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ ጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ፤ ቡርሳሜም ይቀርብላቸዋል። አሁን ይህ ጊዜ ማባከን አይደለም? ስንት በር ማንኳኳት፣ ስንት የአክስት ስም ማወቅ፣ ከስንት ልጅ ጋር ከአንድ ገበታ መቁረስ! እኔ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ልጆቹ ባሉበት ይቀመጡ፤ “አይዴ ጫምባላላ” የሚለው የበዓሉ ሰላምታ በቪዲዮ ጥሪ ይባል፤ ቡርሳሜውን ሞተረኛ ያድርስ። አበው “ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል” ያሉት ዋይፋይ ሳይመጣ ነው።

የጎሳ መሪዎቹ በበዓሉ የሚሰጡት ምክርስ? ጠንክራችሁ ሥሩ፣ አረጋውያንን አክብሩ፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፣ አትለምኑ፣ አትስነፉ፣ አትስረቁ፣ በሐሰት አትመስክሩ ይላሉ። ታብሌት ያለው ልጅ ከክልከላዎቹ ሁሉ ንጹሕ መሆኑን አንድ በአንድ ላስረዳ።

ዛፍ አይቆርጥም። ለመቁረጥ መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል። አይለምንም። ባትሪው 5 በመቶ ሲደርስ የሚያሰማው ድምፅ ትእዛዝ እንጂ ልመና አይባልም፤ ቤተሰቡም በሩጫ ይፈጽመዋል። ሰነፍ አይደለም። ዓይኑን ሳይታጠብ ሥራ ይገባል፤ ምሳውን እዚያው ሥራው ላይ እንዳለ ያጎርሱታል፤ ማታ እንቅልፍ ከእጁ እስኪቀማው ድረስ አይነሣም። እርግጥ ከአካሉ የሚሠራው አንድ ጣቱ ነው፤ እሱ ግን ይታታራል። አይሰርቅም። ሙዙን የሰረቀችው ጦጣዋ ናት፤ የጥቅሌንም ይለፍ ቃል የሰጠሁት ራሴ ነኝ። የሐሰት ምስክርነትን በተመለከተ ልጁ ላይ የሚነሣ ክስ የለም። “ለትምህርት ነው” እያልን ለጎረቤት የምንመሰክረው እኛ ነን።

ወደዚያ እሑድ ልመለስ፤ ቀኑ በሰላም አላለቀምና። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ታብሌቱ ጠፋ። ፓወር ባንኩን አንዳችን ይዘነዋል ብለን ሁለታችንም ቤት ረስተነዋል። ባለቤቴ አየችኝ፤ አየኋት። ለሁለታችንም የታየን አንድ ነገር ነው፤ አሁን ይጮሃል። እኔ ስልኬን ልሰጠው ኪሴ ገባሁ፤ እሷ ቦርሳዋን ከፈተች።

ልጁ ግን ቀና አለ። ሐይቁን አየ፤ እኛን አየ፤ ከዚያ ዛፉን አየ። ተነሥቶ ሄደ። እዚያ አንድ የማናውቀው ልጅ ድንጋይ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ያያል፤ የእኔም አጠገቡ ቆሞ ያይ ጀመር። ተነጋገሩ። በየትኛው ቋንቋ እንደተግባቡ ዛሬም አልገባኝም። ትንሽ ቆይተው ሁለቱም በዛፉ ዙሪያ እየጮሁ ይሮጣሉ። አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነጩ ካልሲው አፈር መሰለ፤ ጉልበቱም ተላጠ። የፈራሁት ሁሉ በአንድ ባትሪ ጦስ ደረሰ።

እያለከለከ ተመለሰ። “አባዬ! አባዬ! ጦጣዋ ልጅ አላት! ሆዷ ላይ ነው የያዘችው! ስትዘልም አይወድቅ፣ ስትበላም እዚያው ነው፣ ሙዙንም ሰጠችው!” አለኝ፤ በአማርኛ። የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኝ ይመስለኛል። ጦጣዋ ልጇን በየሄደችበት አንጠልጥላ መዞሯ አሳዘነኝ፤ ታብሌት የሚገዛላት አጥታ ነው።

ከዚያ ወዲያ አላቆመም። ስለ ጦጣዋ ጅራት፣ ስለ ልጇ ጆሮ፣ ድንጋዩ ላይ ስለቆመው አዲሱ ጓደኛው፣ ቀጥሎ ስለሚመጣው እሑድ። እንደ ልማዴ ስልኬን እያየሁ “እሺ… እሺ…” አልኩት። አገጬን በአፈራም እጁ ይዞ ፊቴን ወደ ራሱ አዞረና ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመረልኝ። ሦስት ቀን ሆነው፤ ዛሬም ስለዚያች ጦጣ እያወራኝ ነው። ድምፁን መቀነሻ ፈለግሁ፤ ማቆሚያ ፈለግሁ፤ ማስታወቂያ የሚዘለልበትን እንኳ ፈለግሁ። ወላጆች ሆይ፣ የዚህ ልጅ ማጥፊያው በየት በኩል ነው?