«ፕሮሰስ ላይ ነው»፦ ስለ ቢሮ እንግሊዝኛና ስለ ጠፋው ባለቤት የቀረበ መጠነኛ ጥናት

የዚህ ጥናት መነሻ አንድ አግዳሚ ወንበር ነው። ለአራት ሰው ታስቦ የተሠራ፣ ሰባት ሰው የሚቀመጥበት ሲሆን፣ የሚገኘውም ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር፣ መስኮት ቁጥር 4 ፊት ለፊት ነው። አጥኚው አንድ ወረቀት ሊያስፈርም ሄዶ በዚሁ አግዳሚ ላይ 11 የሥራ ቀናት አሳልፏል። ይህ ዘዴ በምሁራን ዘንድ የተሳትፎ ምልከታ ይባላል፤ በባለጉዳይ ዘንድ መመላለስ።

እንግሊዝኛ የሚለመደው በትምህርት ቤት እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ከአጥኚው በስተግራ የተቀመጡት ጋቢ የለበሱ አዛውንት ግን ለዚህ ፖሊሲ አልደረሱም። ቢሆንም በሦስተኛው ቀን ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ፋይሌ አፕሩቭ ሆኗል ወይስ ገና ፔንዲንግ ነው?» ሲሉ ተሰምተዋል። በስተቀኝ የተቀመጠችው ወጣት በበኩሏ የሦስት ወር የቢሮ እንግሊዝኛ ኮርስ ጨርሳ ሰርተፊኬት ይዛለች። ኮርሱ ደብዳቤን «ምላሽዎን በጉጉት እጠባበቃለሁ» ብሎ መዝጋትን አስተምሯታል። አዛውንቱ ቋንቋውን ተምረዋል፤ እሷ ትጠባበቃለች።

ከዚህ ቀደም የመጡት የባዕድ ቃላት ዕቃ ይዘው ነበር የመጡት። ጎሚስታ ከጣሊያን ጎማ ይዞ መጣ፣ ማኪያቶ ወተት ይዞ መጣ፣ «ቢሮ» ራሱ ከፈረንሳይኛ ጠረጴዛና ወንበር ይዞ ገባ። እንግሊዝኛም ኮምፒውተርና ፕሪንተር አምጥቷል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ይህ ጥናት የሚመለከተው ባዶ እጃቸውን የመጡትን ነው።

እነዚህ ቃላት ብቻቸውን ሥራ አይችሉም። ቼክ፣ ኮንፈርም፣ ፎርዋርድ፣ ካንስል፣ አፕሩቭ የሚባሉት እያንዳንዳቸው «አደረገ» ወይም «ሆነ» የሚል ረዳት ይቀጠርላቸዋል። ስሙ በር ላይ የሚለጠፈው ዋናው ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ረዳቱ ነው። በዚህ በኩል ሰዋስዉ ከመሥሪያ ቤቱ አደረጃጀት ጋር ፍጹም ይስማማል።

ታዲያ ረዳት እየተቀጠረላቸው ለምን ተፈለጉ? የአማርኛ ግስ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ባለቤቱን አይደብቅም። «አላየሁትም» ቢባል «ሁ» ተናጋሪውን ታጋልጣለች። «ረሳነው» ቢባል «ነ» የክፍሉን ሠራተኛ በሙሉ ጎትታ ታወጣለች። «ፕሮሰስ ላይ ነው» ሲባል ግን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ፋይሉ ራሱ ነው። በገዛ እግሩ ተነሥቶ ሄዶ አንድ ነገር ላይ ወጥቷል፤ ማንም አላስቀመጠውም፣ ማንም አያወርደውም። «አፕሩቭ አልሆነም» በሚለውም ውስጥ ያላጸደቀ ሰው የለም።

«ሲስተም» ለብቻው ሊጠና ይገባዋል። ይህ ቃል አማርኛ ሲገባ የተመደበው ከመብራትና ከውሃ ጋር ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሲጠፋ «የለም» ይባላል። በአምስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ «ሲስተም መጣ!» የሚል ድምፅ ተሰማና አግዳሚው በሙሉ ብድግ አለ። የመስኮቷ ሠራተኛ ሻይ ወጥታ ነበር። 4:20 ላይ ስትመለስ ኮምፒውተሩን አይታ «ሶሪ፣ ሲስተም ሄደ» አለች። ሁለቱ ያለመገናኘታቸው ምክንያት እስካሁን አልተደረሰበትም።

በመስኮቱ የተሰበሰቡ ሌሎች ቃላት ከነፍቺያቸው እንደሚከተለው ናቸው።

ሚቲንግ፦ ከስብሰባ ይለያል። ስብሰባ አጀንዳ፣ ሰብሳቢና ቃለ ጉባኤ አለው። ሚቲንግ ያለው የተዘጋ በር ብቻ ነው።

ፊልድ፦ በትውልድ አገሩ ሜዳ ማለት ነው። እዚህ አበል የሚታሰብበት ማንኛውም ስፍራ ይባልበታል፤ የሆቴል አዳራሽ ቢሆንም።

ፎሎው አፕ፦ «ፎሎው አፕ አድርግ» የሚባለው ሥራው ከሠራተኛው ወደ ባለጉዳዩ በተዛወረበት ቅጽበት ነው። የርክክብ ሰነድ የለውም።

ሶሪ፦ በስሕተት «ይቅርታ» ተብሎ ይተረጎማል። ይቅርታ ሽማግሌ ያስልካል፣ ድንጋይ ያሸክማል፣ ጉልበት ያስማል። ሶሪ ከስልክ ላይ ቀና ሳይሉ ይባላል።

የጥናቱ ከባድ ማስረጃ የተገኘው ግን ከእንግሊዝኛው ሳይሆን ከትርጉሙ ነው። በተለምዶ ቢፒአር የሚባለው መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲገባ «የሥራ ሂደት ባለቤት» የሚል የሹመት ስም ይዞ ገባ። «ባለቤት» በአማርኛ የንብረት ጌታ ነው፤ የትዳር ጓደኛም ነው፤ በሰዋስው ደግሞ ድርጊቱን የፈጸመው ነው። አዛውንቱ በሰባተኛው ቀን «የሥራ ሂደቱ ባለቤት ሚቲንግ ላይ ናቸው» ሲባሉ ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ሂደቲቱ ብቻዋን ነው የምትውለው?» ብለው ጠየቁ። መልስ አላገኙም። ጥያቄው ግን ከሦስቱም ፍቺዎች አንጻር ትክክል ነበር፤ በሩ ላይ ባለቤት ተጽፏል፣ በዓረፍተ ነገሮቹ ውስጥ ባለቤት አይገኝም።

ሕጉ ይህን የቢሮ እንግሊዝኛ አይከለክልም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 መሠረት የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። አዋጅ ቁጥር 3/1987ም ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲታተም፣ ሁለቱ ቢለያዩ ደግሞ አማርኛው እንዲጸና ደንግጓል። መስኮት ቁጥር 4 ሕጉን ጥሷል ማለት አይቻልም፤ አማርኛ የሥራ ቋንቋ ነው፣ እንግሊዝኛው የሚነገረው ሥራ ባልተሠራበት ሰዓት ነው።

ጥናቱ ገደብ እንዳለበት አጥኚው ያምናል። አንደኛ፣ የተጠናው አንድ መስኮት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የአጥኚው ገለልተኝነት ያጠራጥራል። በዘጠነኛው ቀን አለቃው ደውሎ «ያ ወረቀት ምን ደረሰ?» ሲለው፣ አጥኚው ወረቀቱን በዚያ ጠዋት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ነበር። «ረሳሁት» ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን «ፕሮሰስ ላይ ነው፤ አፕዴት አደርግሃለሁ» የሚል ነው። አለቃው «ኦኬ» ብሎ ዘጋ። ቃሉ ምን ያህል እንደሚመች ያኔ ገባው፤ ከመስኮቱ በየትኛውም በኩል ቢቀመጡ ይሠራል።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ የመስኮቷ ሠራተኛ ማኅተሙን አሳርፋ ቀና አለችና አዛውንቱን ጠራቻቸው።

«አባቴ፣ ጨርሼልዎታለሁ።»

አጥኚው ይህን ወዲያውኑ መዝግቧል። አንድ ቃል ነው። በውስጡ ሥራው አለ፣ የሠራችው አለች፣ የተሠራላቸው ሰውም አሉ። እንግሊዝኛ የለበትም።